ከመንታ በኋላ የመጣ ልጅ
ኦኬሎ ስለሚለው ስም በሬዲዮ የተሰጠ የመሠረተ ትምህርት ንግግር

 

ፊደል የሚቆጥር ጎልማሳ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይዘልቅ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ። «የኔ ስም እንዴት ይጻፋል?» ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለብዙ ዘመን በስሙ ፋንታ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ሲፈርም የኖረ ሰው፣ ከሌላው ቃል ሁሉ በፊት ስሙን በወረቀት ላይ ለማየት ቢቸኩል አይፈረድበትም። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንድ ስም እንነጋገራለን።

ስሙ ኦኬሎ ነው።

እስቲ እስክሪፕቶአችሁን አንሱና ጻፉት። ሦስት ፊደል ብቻ ነው። «ኦ» የ«አ» ሰባተኛ ናት። አ፣ ኡ፣ ኢ፣ ኣ፣ ኤ፣ እ፣ ኦ። «ኬ» የ«ከ» አምስተኛ ናት። «ሎ» ደግሞ የ«ለ» ሰባተኛ ናት። ኦ - ኬ - ሎ። ኦኬሎ። ጻፋችሁ? ጥሩ።

ይህን ስም በደሴ ወይም በደብረ ማርቆስ ገበያ መካከል ቆማችሁ ብትጣሩ፣ ዞር ብሎ «አቤት» የሚላችሁ ሰው ማግኘታችሁ ያጠራጥራል። በፑኝዶ ግን ስሙ የታወቀ ነው። ፑኝዶ በጋምቤላ ክልል፣ በአኝዋክ ዞን፣ በጎግ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ጊሎ የሚባለው ወንዝም በዚያው አገር ይፈስሳል። የአካባቢው ነባር ነዋሪ የአኝዋክ ሕዝብ ነው። ኦኬሎም የአኝዋክ ስም ነው።

ታዲያ ትርጉሙ ምንድን ነው? ኦኬሎ ማለት ከመንታ ልጆች ቀጥሎ የተወለደ ወንድ ልጅ ማለት ነው። እናቱ በመጀመሪያ መንታ ወልዳለች። ከዚያ በኋላ አንድ ልጅ ለብቻው መጣ። ያ ልጅ ኦኬሎ ይባላል። ሴት ከሆነች አኬሎ ትባላለች።

በአማርኛ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። በፑኝዶ ግን ይኼን ስም የሚያወጣው የአወላለድ ተራ ነው። አባት «ስሙ ደስ አለኝ» ብሎ ለበኩር ልጁ አያወጣውም። መጀመሪያ መንቶቹ መምጣት አለባቸው።

እንዲህ ያለ ስም ለአማርኛ ተናጋሪም እንግዳ አይደለም። እኛም ልጁ የመጣበትን ሁኔታ በስሙ ውስጥ እናስቀምጣለን። ልጅ ሞቶባቸው ሌላ የወለዱ ወላጆች ካሳ ይላሉ፤ ምትኩ ይላሉ፤ ማስረሻ ይላሉ። ማስረሻ የተባለ ሰው ስታገኙ፣ ከእርሱ በፊት በዚያ ቤት አንድ ሐዘን እንደነበረ ልትገምቱ ትችላላችሁ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? ማስረሻ የሚለው ስም ያለፈው እንዲረሳ ይመኛል። ኦኬሎ ግን ያለፈውን ያስታውሳል። «ከኔ በፊት ሁለት ነበሩ» ይላል። መንቶቹ በሕይወት ቢኖሩም ባይኖሩም፣ ልጁ በተጠራ ቁጥር እነርሱም ይታሰባሉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ፊደል እንመለስ። ኦኬሎና አኬሎ። የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው። በብዙ የአኝዋክ ስሞች ላይ «ኦ» የወንድ ምልክት ናት፤ «አ» የሴት። ወንዱ ኦባንግ ሲሆን ሴቷ አባንግ ናት። ወንዱ ኦሞት ሲሆን ሴቷ አሞት ናት። ሁሉም ስም እንዲህ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙው እንዲህ ነው። እንግዲህ ተመልከቱ። ጸሐፊው ቸኩሎ የ«ኦ»ን መልክ ቢያበላሽና «አ» ቢያስመስላት፣ ሰውየውን በወረቀት ላይ ሴት አደረገው ማለት ነው። ፊደል ስንቆጥር «ሰባቱን መልክ ለዩ፣ ለዩ» እያልን የምናሰለቻችሁ በከንቱ አይደለም።

ይኼ የ«ኦ» እና የ«አ» ነገር ከፑኝዶ ርቆ ይሄዳል። አኝዋክኛ ሉዎ ከሚባሉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት የሉዎ ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ዛሬ ደቡብ ሱዳን ከምትባለው አገር ተነሥተው በየአቅጣጫው ተበተኑ። በደቡብ ሱዳን ሺሉክ አሉ። በኡጋንዳ አቾሊና ላንጎ አሉ። በኬንያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ሉዎ ተብለው የሚጠሩት አሉ። በእኛ አገር ደግሞ አኝዋክ አሉ። ሕዝቡ ሲበተን ስሙን ይዞ ነው የሄደው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት የባራክ ኦባማ አባት የኬንያ ሉዎ ነበሩ። ኦባማ በምን ፊደል ይጀምራል? በ«ኦ»።

ኦኬሎም እንደዚሁ ተጉዟል። በኡጋንዳና በኬንያ ዛሬም ከመንታ ቀጥሎ ለሚወለድ ልጅ ይወጣል። በኬንያ ሉዎዎች ዘንድ መንቶቹም የራሳቸው ስም አላቸው። ፊት የወጣው ኦፒዮ ይባላል፤ በቶሎ የመጣ እንደማለት ነው። ኋላ የቀረው ኦዶንጎ ይባላል። ሴቶች ከሆኑ አፒዮና አዶንጎ ይሆናሉ። ሦስተኛው ኦኬሎ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ልጆቹን ሲጠሯቸው የሰማ ሰው ማን ከማን ቀጥሎ እንደተወለደ ሳይጠይቅ ያውቃል።

ስሙ በታሪክም ተመዝግቧል። በ1956 ዓ.ም. በዛንዚባር ደሴት ሱልጣኑን ከሥልጣን ያወረደውን አመፅ የመራው ሰው ጆን ኦኬሎ ይባል ነበር። የተወለደው በኡጋንዳ፣ በላንጎ አገር ነው። ከ1977 ዓ.ም. ሐምሌ እስከ 1978 ዓ.ም. ጥር ድረስ ኡጋንዳን የመሩት ጄኔራል ደግሞ ቲቶ ኦኬሎ ነበሩ። እርሳቸው አቾሊ ናቸው። የፑኝዶ ገበሬ የነዚህን ሰዎች ስም በሬዲዮ ቢሰማ «ይኼ እኮ የኛ ስም ነው» ቢል እውነቱን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ስም ልንገራችሁ። ቦል።

በጋምቤላ ክልል ከአኝዋክ ሌላ የኑዌር ሕዝብ ይኖራል። ከድንበር ማዶ በደቡብ ሱዳን ኑዌርም ዲንካም አለ። ፑኝዶ ደግሞ ስደተኞችን ስትቀበል የኖረች ከተማ ናት። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በዚያ ሰፍረው ነበር። ከነዚያም መካከል ያለ ወላጅ በእግራቸው የመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ዲንካ ናቸው። በ1983 ዓ.ም. ያን ሰፈር ጥለው፣ የጊሎን ወንዝ ተሻግረው ተመለሱ። ብዙዎቹም በወንዙ ውስጥ ሰጥመው ቀሩ። በ1985 ዓ.ም. ገደማ እንደገና የስደተኞች ጣቢያ ተከፈተ፤ ኑዌሮችም አኝዋኮችም ከማዶ መጥተው ገቡ። ስለዚህ በፑኝዶ የአኝዋክ፣ የኑዌርና የዲንካ ስም አንድ ሰልፍ ላይ ሲጠራ ኖሯል።

ታዲያ ቦል ማለት ምን ማለት ነው? በኑዌርኛም በዲንካኛም ቦል ማለት ከመንታ ልጆች ቀጥሎ የተወለደ ልጅ ማለት ነው።

አያችሁ? ኦኬሎና ቦል በድምፅ ምንም አይመሳሰሉም። አንድም የጋራ ፊደል የላቸውም። ነገር ግን ትርጉማቸው አንድ ነው። በአንድ የውኃ ቧንቧ ፊት ጀሪካን ይዘው የተሰለፉ ሁለት ልጆች፣ አንዱ ኦኬሎ ሌላው ቦል፣ ሳያውቁት ሞክሼ ናቸው። በአኝዋክና በኑዌር መካከል ደም የፈሰሰበት ጊዜ እንደነበረ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፤ እኔ ማስታወስ አያስፈልገኝም። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሕዝቦች ከመንታ ኋላ የመጣውን ልጅ ለይተው አይተውታል። ሁለቱም ስም አውጥተውለታል።

ስለ ቦል ካነሣን፣ ማኑት ቦል የሚባለውን ዲንካ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ሳንጠቅስ አናልፍም። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ነበር። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ትልቁ ውድድር ተጫውቷል። በ2002 ዓ.ም. ሞተ። ልጁም ያንኑ ጨዋታ ይጫወታል፤ ስሙም ቦል ቦል ነው። ሁለት ጊዜ ቦል!

ኑዌሮች ስለ መንታ ያላቸው አስተሳሰብ ደግሞ ይገርማል። ኢቫንስ-ፕሪቻርድ የሚባል እንግሊዛዊ ምሁር በ1920ዎቹ ዓመታት በኑዌሮች መካከል ኖሮ የጻፈው አለ። ኑዌሮች «መንታ ወፍ ነው» ይላሉ ብሎ ጽፏል። ወፍ ይመስላል ማለታቸው አይደለም፤ ክንፍ አለው ማለታቸውም አይደለም። ወፍ የላይ ናት፤ በሰማይ ትበራለች። መንታም ከእግዚአብሔር ዘንድ የመጣ፣ የላይ ነው ማለታቸው ነው። ስለዚህ መንታ የሆነ ሰው የወፍ ሥጋና የወፍ እንቁላል አይበላም ነበር። ለመንቶችም የጅግራና የቆቅ ስም ይወጣላቸው ነበር። ጅግራና ቆቅ ግን ብዙ የማይበሩ፣ መሬት ለመሬት የሚሮጡ ወፎች ናቸው። የላይ ሆነው በምድር የሚኖሩ ማለት ነው። መንታም እንዲሁ። ይኼን ያሰበ ሰው ፊደል ባይቆጥርም አዋቂ ነው።

ከመንታ ቀጥሎ ለሚወለድ ልጅ ስም የሚያወጡ ሌሎችም ሕዝቦች አሉ። በኡጋንዳ የባጋንዳ ሕዝብ ኪዛ ይለዋል። በናይጄሪያ የዮሩባ ሕዝብ መንቶቹን ታይዎና ኬሂንዴ ብሎ፣ ተከታያቸውን ኢዶዉ ይለዋል። በዮሩባዎች ዘንድ ደግሞ ኋላ የተወለደው ኬሂንዴ ነው ታላቅ የሚባለው። «ታይዎን ዓለምን አይተህ ና ብሎ የላከው እርሱ ነው» ይላሉ። በጋና የአካን ሕዝብ ተከታዩን ልጅ ታዊያ ይለዋል። ለነገሩ እኛም ዘንድ የመንታ ስም አለ፤ ብዙዎቻችን ሳናውቅ እንጠራዋለን። ቶማስ በጥንቱ የአራማይክ ቋንቋ መንታ ማለት ነው። በጎረቤታችሁ ቶማስ የሚባል ሰው ካለ፣ መንታ ሆኖ እንደሆነ ጠይቁት። አይደለሁም እንደሚላችሁ እገምታለሁ።

እንግዲህ ኦኬሎ ብርቅ ስም ነው ወይስ የተለመደ? እስቲ በቁጥር እንየው። በ2013 ዓ.ም. የታተመ አንድ የዓለም ጥናት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ከ1000 ወሊድ ውስጥ መንታ የሚሆነው 12 ያህል ነው። በአፍሪካ 17 ያህል ነው። ከየአህጉሩ ሁሉ የበለጠው የአፍሪካው ነው። እንግዲህ ከ1000 ወሊድ 17ቱ መንታ ከሆኑ፣ ከነዚያ 17 እናቶች ሁሉም እንደገና አይወልዱም። አንዳንዷ በዚያው ታቆማለች። ስለዚህ በአወላለድ ተራ ኦኬሎ ወይም አኬሎ ሊባሉ የሚችሉት ከ17 ያነሱ ናቸው። ስሙን ብርቅ ያደረገችው ተፈጥሮ ናት ማለት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ለእናቶች ላንሣ። መንታ የወለደች እናት ሰውነቷ ይጎዳል። መንቶችም ብዙ ጊዜ ክብደታቸው አነስተኛ ሆኖ ይወለዳሉ። ስለዚህ ኦኬሎ መምጣቱ ባይቀርም ቶሎ እንዳይመጣ አድርጉ። የዓለም ጤና ድርጅት እናት ከወለደች በኋላ እንደገና እስክታረግዝ ቢያንስ 2 ዓመት እንድትቆይ ይመክራል። በጤና ጣቢያ ጠይቁ፤ ያስረዷችኋል።

ወደ ስማችን እንመለስ። ብርቅ ከሆነ ታዲያ በፑኝዶ ለምን ደጋግመን እንሰማዋለን? ምክንያቱ የአባት ስም ነው። አንድ ኦኬሎ አምስት ልጆች ቢወልድ፣ አምስቱም «እገሌ ኦኬሎ» ይባላሉ። አንዳቸውም ከመንታ ቀጥሎ ላይወለዱ ይችላሉ። የልጅ ልጆቹም ሦስተኛ ስማቸው ኦኬሎ ይሆናል። በኡጋንዳና በኬንያ ደግሞ የቤተሰብ ስም ሆኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያልፍ ይታያል። ስለዚህ ስሙ ፊት ሲሆን ስለ ባለቤቱ አወላለድ ይናገራል። ኋላ ሲሆን ስለ አባቱ ወይም ስለ አያቱ ይናገራል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረ ጊዜ ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር። አኝዋክኛና ኑዌርኛ ከነዚያ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ የጋምቤላ ሰው ያን ጊዜ ፊደል የቆጠረው በአማርኛ ነበር። ዛሬ አኝዋክኛና ኑዌርኛ በክልሉ ትምህርት ቤቶች በላቲን ፊደል ይጻፋሉ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። ስለዚህ አንዱ ኦኬሎ በትምህርት ቤት በላቲን፣ በጽሕፈት ቤት በአማርኛ ይጻፋል። ችግሩም ከዚህ ይነሣል።

አንድ ልጅ እናስብ። በክትባት ካርዱ ላይ «ኦኬሎ» ተባለ። በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ መምህሩ እንደሰሙት «ኡኬሎ» ብለው ጻፉት። በመታወቂያው ላይ ጸሐፊው «ኦኬሎው» አለው። በላቲን ሲጻፍ አንዱ ወረቀት ላይ «ል» አንድ ጊዜ፣ ሌላው ላይ ሁለት ጊዜ ተጻፈ። የአማርኛ ፊደል ሲጠብቅና ሲላላ አይለይምና ከአማርኛው ማመሳከር አይቻልም። የኛ ፊደል «ገና ነው» የሚለውንና የገና በዓልን እንኳ አንድ ዓይነት አድርጎ ነው የሚጽፋቸው። ልጁ አድጎ ፈተና አለፈ፤ ሥራ ለመቀጠር ወረቀቶቹን ይዞ ቀረበ። «እነዚህ ሁሉ ያንተ መሆናቸውን በምን እናውቃለን?» ተባለ። አንዱ ሰው በወረቀት ላይ ሦስት ሰው ሆኖ ቀረ። ኦሞት የሚለውንም ስም አንዱ ኦሞት፣ አንዱ ኡሞድ፣ ሌላው ኡመድ ብሎ ይጽፈዋል። ሰሚው ተሳሳተ ለማለት አይደለም። ጆሮ የለመደውን ነው የሚሰማው። የስሙ ባለቤት ግን ስሙን ማንበብ የሚችል ከሆነ እዚያው ያርመዋል።

«ይኼ ስም ለአፍ አይመችም» ብሎ ለልጁ ሌላ ስም የሚያወጣ መዝጋቢም አይጠፋም። ስሙ የመዝጋቢው አይደለም። የሚመቸው አፍ አለው።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሰው ስም ደንግጓል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 760 ደግሞ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲጻፉ ያዛል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ለስደተኞችም ተፈቀደ። ስለዚህ በፑኝዶ የተወለደ ቦልም እንደ ኦኬሎ የልደት የምስክር ወረቀት ያገኛል ማለት ነው። ፋይዳ የተባለው መታወቂያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ጸንቷል። በዚያ ላይ ስም በአማርኛም በላቲንም ይጻፋል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጅ ለማስመዝገብ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። ስሙን ቤታችሁ ሳላችሁ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉት። በአማርኛም በላቲንም ጻፉት። ላቲኑን የማታውቁ የአኝዋክኛ ወይም የኑዌርኛ አስተማሪ ያግዛችሁ። ወረቀቱን ለመዝጋቢው ስጡት። «እንደዚህ ብለው ይጻፉልን» በሉት። ጽፎ ሲጨርስ ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ። ከወረቀታችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። «ኦ» ሆና ነው ወይስ «ኡ»? ልዩነት ካያችሁ ያን ጊዜውኑ «ይስተካከልልን» በሉ። ማኅተም ካረፈበት በኋላ ለማሳረም ብዙ መንገድ፣ ብዙ ወጪም አለ። ስም ጨርሶ ለመለወጥማ ፍርድ ቤት ይኬዳል። የቀድሞ ወረቀቶቻችሁ የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ ለልጆቻችሁ የትኛው እንደሚጻፍ ቤተሰቡ አንድ ላይ ሆኖ ይወስን። አባትየው «ኦኬሎ» ልጁ «እገሌ ኡኬሎ» ከሆነ፣ በወረቀት ላይ አባትና ልጅ መሆናቸው ይጠፋል።

አሁን ለልምምድ የምትጽፉትን ልስጣችሁ። ቀስ ብላችሁ ጻፉ፤ እደግመዋለሁ።

ኦኬሎ። አኬሎ። ቦል። መንታ። ከመንታ በኋላ የመጣ ልጅ።

ኦ - ኬ - ሎ። አ - ኬ - ሎ። ቦ - ል። መ - ን - ታ። ከመንታ በኋላ የመጣ ልጅ።

ከዚህ በታች የራሳችሁን ስም፣ የአባታችሁን ስምና የአያታችሁን ስም ጻፉ። ከዚያ መታወቂያችሁን አውጡና ከጎኑ አስቀምጡት። በሉ፣ እስከ ሳምንት ደህና ቆዩ።